መሬት ሲመልስ፦ ከጣና መድረቅ እስከ ዲከረንስ ደን

ከደንበጫ ተነሥቶ በጅጋ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተንጣለለው የምዕራብ ጎጃም ምድር ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ እምብዛም አይነሣም፤ ድርቅ ሲባል ወሎና ትግራይ፣ የበረዶ መቅለጥ ሲባል የምድር ዋልታዎች ይታወሳሉና። ዝናቡ የማያሳፍር፣ ጤፍና በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ የማይነጥፍበት አገር ተብሎ ስለሚታወቅ የአየር ንብረት ጉዳይ እንግዳ የሚሆንበት ይመስላል። ይሁን እንጂ የአየር ንብረት ሳይንስ ከሁሉ አብዝቶ የሚከራከርበት ሐሳብ፣ ማለትም ግብረ መልስ የሚባለው፣ በዚህ አካባቢ አፈር፣ ወንዝና ምድጃ ላይ ከሌላው ስፍራ በበለጠ ግልጽ ሆኖ ይነበባል።

ግብረ መልስ ማለት አንድ ለውጥ ያስከተለው ውጤት ተመልሶ ያንኑ ለውጥ ሲያጠናክረው ወይም ሲያዳክመው ነው። የሚያጠናክረው አባባሽ፣ የሚያዳክመው አብራጅ ግብረ መልስ ሊባል ይችላል። ከባሕር ማዶ በተወረሰው የሳይንስ አጠራር አባባሹ «አዎንታዊ»፣ አብራጁ ደግሞ «አሉታዊ» የሚባሉ ሲሆን፣ አዎንታዊ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት፣ አሉታዊ የተባለውም ብዙ ጊዜ እፎይታ ስለሆነ አጠራሩ አማርኛ አንባቢን ከማሳሳት በቀር አይረዳውም። በዚህ ትረካ ውስጥ ሁለቱ ቃላት አባባሽና አብራጅ ሆነው ይቀጥላሉ።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት፦ የባዛልቱ ዘመን

የጎጃም አምባ የቆመበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በምድር ስንጥቆች በኩል የፈሰሰው ቅልጥ አለት እየተነባበረ ሲረጋ የተሠራ ሲሆን፣ የንብርብሩ ውፍረት በአንዳንድ የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍሎች እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ በዚህ ንብርብር ላይ ደግሞ ከሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ ጋሻ መሰሉ የጮቄ እሳተ ገሞራ ተነሣበት። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ አየር ይለቃል፤ ሙቀት አማቂ መባሉም የፀሐይን ብርሃን አሳልፎ ከምድር የሚመለሰውን ሙቀት ስለሚያስቀር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግፊት ወደ ሙቀት ነበረ።

ነገር ግን ያው ምድር መልስ ነበረው። የዝናብ ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ሆኖ ይወርዳል፤ ይህ አሲድ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ የተሟሟው ማዕድንም ካርቦኑን ይዞ በወንዝ ወደ ባሕር ይወርድና በባሕር ወለል የኖራ ድንጋይ ሆኖ ይቀበራል። ምድር በሞቀች ቁጥር፣ ዝናብም በበዛ ቁጥር ይህ የድንጋይ መበስበስ ይፈጥናል፤ በፈጠነ ቁጥር ካርቦኑ ከአየር ይቀንሳል፤ ካርቦኑ ሲቀንስ ምድር ትበርዳለች። እ.ኤ.አ. በ1981 ዎከር፣ ሄይስና ካስቲንግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ዑደት የምድር የረጅም ዘመን ሙቀት መቆጣጠሪያ አድርገው ያቀረቡት ሲሆን፣ ከዐለት ዓይነቶች ሁሉ ፈጥነው ከሚበሰብሱት አንዱ ደግሞ ባዛልት ነው። በጅጋ ማሳ ላይ በማረሻ የሚገለበጠው ቀይ አፈር የዚህ መበስበስ ትራፊ ነው። ቅላቱም ሌላው ማዕድን በዝናብ ታጥቦ ሲሄድ የቀረው ብረት ዝጎ የሰጠው ቀለም ነው።

ይህ አብራጅ ግብረ መልስ ታማኝ ነው፤ ዳሩ ግን ሥራውን የሚሠራው በመቶ ሺሕና በሚሊዮን ዓመታት በመሆኑ ለአንድ ትውልድ ቀርቶ ለአንድ ሥልጣኔም አይደርስለትም።

ከ20,000 እስከ 4,000 ዓመት በፊት፦ ጣና ደርቆ የሞላበት ዘመን

ከፍኖተ ሰላም በስተ ሰሜን፣ በሰከላ ወረዳ ከምትገኘው ግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል፤ ዓባይም ከጣና ይወጣል። ይህ ሁሉም የሚያውቀው የመልክዓ ምድር ትምህርት ሁልጊዜ እውነት አልነበረም። በዌልስ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቹ ከሐይቁ ወለል በቧንቧ ያወጡትን ደለል መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና መድረቁን፣ ወለሉም ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ ሆኖ መቆየቱን፣ ዓባይም ከሐይቁ መፍሰሱን ማቆሙን አሳይተዋል። ምክንያቱ የተነሣው ከጎጃም በጣም ርቆ ነው፤ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የበረዶ ግግር እየተሰበረ ቀልጦ ባሕሩን ባቀዘቀዘበት ዘመን የሐሩር ዝናብ ተዳከመ።

ሐይቁ ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ተመልሶ ሞላና መፍሰስ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም እርጥብ ዘመን ግብረ መልስን ለመረዳት ከሁሉ የበለጠ የታሪክ ማስረጃ የተገኘበት ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምታደርገው ጉዞና የዘንግዋ አቅጣጫ በዝግታ ስለሚለዋወጥ፣ ከ10,000 ዓመት በፊት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሰኔና የሐምሌ ፀሐይ ከዛሬው በመቶ ሰባት ያህል ትበረታ ነበር፤ ይህም የአፍሪካን የክረምት ዝናብ ወደ ሰሜን ስቦ ዛሬ አሸዋ የሆነውን ሰሃራ ሣር፣ ሐይቅና ጉማሬ አለበሰው። ይሁንና ተመራማሪዎች የፀሐይዋን ለውጥ ብቻ በኮምፒውተር ቀመር አስገብተው ሲያሰሉት የሚመጣው ዝናብ ሰሃራን ለማልበስ አይበቃም። የጎደለው የመሬቱ የራሱ መልስ ነበር። ባዶ አሸዋ ከሚያርፍበት ብርሃን ሲሶ ያህሉን ወደ ሰማይ መልሶ ሲወረውር፣ በዕፅዋት የተሸፈነ መሬት የሚወረውረው የዚያን ግማሽ ወይም ከግማሽ በታች ነው፤ ይህ መልሶ የመወርወር ጠባይ ነጸብራቅ ይባላል። ዝናብ ሣር አበቀለ፤ ሣሩ ነጸብራቁን ቀንሶ መሬቱን አሞቀ፤ የሞቀው መሬት አየሩን ወደ ላይ አንሥቶ ተጨማሪ እርጥበት ከባሕር ሳበ፤ ሐይቆቹና ቅጠሎቹም በትነታቸው ደመናውን መገቡ።

አባባሽ ግብረ መልስ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። የፀሐይዋ ብርታት በሺሕ ዓመታት ቀስ እያለ ሲቀንስ አረንጓዴው ሰሃራ በብዙ ስፍራ ከዚያ በፈጠነ መጠን ደረቀ፤ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ያው ሰንሰለት ወደ ኋላ ተፈታ። የጣና ደለልም ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት ከባድ ድርቅ መድረሱን መዝግቧል፤ ዘመኑ የጥንቷ ግብፅ ብሉይ መንግሥት ከወደቀበት ጋር ስለሚገጥም ሁለቱን ለማያያዝ የሚሹ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ መንግሥትን የሚጥለው ወንዝ ብቻ ባይሆንም።

እስከ 1888 ዓ.ም.፦ ሞፈርና ክፉ ቀን

በሬና ሞፈር በጎጃም ደጋ መቼ እንደገቡ በቁርጥ የሚናገር ሰነድ የለም፤ ከብዙ ዘመን በፊት መሆኑ ግን አያከራክርም። በየመድረኩ «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» ተብሎ የሚጠቀሰውን ቁጥር የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ መካን መሠረቱን ፈልጎ አጥቶ ተችቶታል፤ ደጋው አስቀድሞ የታረሰ፣ የተጨፈጨፈና በከፊል ደግሞ የተመለሰ መልክዓ ምድር ነበር። ጦርነት፣ ወረርሽኝና ረሃብ ሕዝብ ሲያፈናቅሉ ማሳው ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ሰላምና ጥጋብ ሲመለስ ቁጥቋጦው ይመነጠራል። ይህ መወዛወዝ ራሱ አንድ ዓይነት አብራጅ ነበር፤ የመሬቱ እረፍት ግን የሚመጣው በሰው መከራ ነበር።

ክፉ ቀን የተባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ ከእነዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ከውጭ የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በዚያ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና የሰው በሽታ ተከተሉ፤ በሬ የሌለው ገበሬ መሬት እያለው ማረስ አልቻለም። ድርቁ ብቻውን ሊያደርስ የማይችለውን ጥፋት በሬ፣ ዘርና ጉልበት እርስ በርስ በመያያዛቸው አደረሰው፤ ዘር የተበላበት ቤት ለሚቀጥለው ዓመት ዝናብ መምጣቱ አይጠቅመውም። ዐፄ ምኒልክ ለአዲስ አበባ የማገዶ እጦት መፍትሔ ባሕር ዛፍ ያስገቡት ከዚህ ዘመን ጥቂት ቆይቶ ነው። ዛፉ ጎጃም ገጠር ገብቶ የሥነ ምኅዳሩን ቀለበት ለማዞር ግን ብዙ አሥርት ዓመታት ቀርተውት ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1969፦ ቀለበቱ በስሌት ሲገለጥ

የዐድዋ ጦርነት በተደረገበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ስቫንቴ አሬኒየስ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በእጁ አስልቶ አሳተመ፤ ውጤቱም ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆነ። ከቁጥሩ ይልቅ ዘላቂ የሆነው አካሄዱ ነው። አሬኒየስ የካርቦኑን ሥራ ብቻ አላሰላም፤ አየር ሲሞቅ ተጨማሪ የውሃ እንፋሎት እንደሚይዝ፣ እንፋሎቱም ራሱ ሙቀት አማቂ እንደሆነ፣ ስለዚህም ሙቀት ሙቀትን እንደሚወልድ በስሌቱ አካተተ። ዛሬ በተረጋገጠው መሠረት አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ እንፋሎት የመያዝ አቅሙ በመቶ ሰባት ገደማ ያድጋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ሙቀት ሙቀትን የሚወልድ ከሆነ ምድር ለምን ተቃጥላ አላለቀችም? መልሱ ከሁሉ ኃያል በሆነው አብራጅ ውስጥ ነው፤ የጋለ ምጣድ ከለብ ያለው ይልቅ አብዝቶ ሙቀት እንደሚተፋ ሁሉ፣ የሞቀች ምድርም ወደ ጠፈር የምትለቀው ጨረር ከሙቀቷ በፈጠነ መጠን ይጨምራል። አባባሾቹ ሁሉ ተደምረው ይህን ማምለጫ ያጠብቡታል እንጂ አይዘጉትም። ያለ እነርሱ የካርቦን እጥፍ መሆን 1.2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ባሞቀ ነበር። ተመራማሪዎቹ ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ እ.ኤ.አ. በ1967 እንፋሎቱን አካተው ሲያሰሉት 2.3 ዲግሪ አገኙ፤ ሩሲያዊው ሚኻይል ቡዲኮና አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ለየብቻቸው የበረዶን ነጸብራቅ አስገቡበት። በረዶ ሲቀልጥ ጥቁሩ ባሕርና መሬት ይገለጣል፤ የተገለጠው ሙቀት ይጠጣል፤ የጠጣው ሙቀት ተጨማሪ በረዶ ያቀልጣል። በኢትዮጵያ ይህ ታሪክ ያለፈ ነው፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የነበረው ጥንታዊ የበረዶ ግግር ቀልጦ ካለቀ ሺሕ ዓመታት አልፈዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1995፦ ደንበጫ ከላይ ሲታይ

እ.ኤ.አ. በ1957 የኢትዮጵያ ደጋ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ ተነሣ። ዓላማው ካርታ መሥራት ነበር፤ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ኢትዮጵያዊው የአፈር ተመራማሪ ገቴ ዘለቀ ከስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ጋር ሆኖ ፎቶግራፎቹን ከኋለኞቹ ጋር አስተያየና እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የማይዘነጋ ጥናት አሳተመ። ከጅጋ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በደንበጫ አካባቢ፣ ከ27,000 ሄክታር በላይ በሆነ ስፍራ፣ የተፈጥሮ ደን እ.ኤ.አ. በ1957 ከጠቅላላው 27 በመቶ የነበረው በ1982 ወደ 2 በመቶ፣ በ1995 ደግሞ ወደ 0.3 በመቶ ወረደ፤ የታረሰው መሬት በአንጻሩ ከ39 ወደ 70፣ ከዚያም ወደ 77 በመቶ አደገ።

ከቁጥሮቹ መካከል ትኩረት የሚሻው የመጀመሪያው ሃያ አምስት ዓመት ነው፤ ደኑ ከሞላ ጎደል ያለቀው በዚያ ውስጥ ነው። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ሕዝብ በዛ፤ በርስት ሥርዓት ልጅ ሁሉ ድርሻ ስላለው ማሳው በየትውልዱ ተሸነሸነ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ገበሬውን ከጭሰኝነት ነጻ ሲያወጣ መሬቱን የመንግሥት አደረገው፤ በየጊዜው በተደረገው ሽግሽግም ዛሬ የተከለው ዛፍ ነገ የማን እንደሚሆን እርግጠኛ የሚሆን ጠፋ። በመንደርተኛው ዘንድ የማንም የሆነ ደን የማንም መጥረቢያ ያርፍበታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የመጥረቢያ ታሪክ ብቻ አይደለም። እንጨት ሲጠፋ ምድጃው አልጠፋም፤ ኩበት ገባ። ለማሳ ፍግ ይሆን የነበረው እበት ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ በምጣድ ሥር ነደደ። ፍግ ያጣ አፈር ከውስጡ ያለውን የበሰበሰ ዕፅዋት ቅሪት ያጣል፤ ይህ ቅሪት ደግሞ ውሃ የሚይዝ፣ አፈሩን የሚያጣብቅና ካርቦን የሚያከማች ነው፤ እርሱ ሲያንስ ምርት ያንሳል፤ ምርት ሲያንስ ዳገቱና ግጦሹ ይታረሳል፤ ዳገቱ ሲታረስ አፈሩ ይታጠባል፤ የመጨረሻው ቁጥቋጦም ለማገዶ ይሄዳል፤ ኩበቱ ይበዛል። የገጠር እናቶች ማገዶ ፍለጋ የሚሄዱበት መንገድ መርዘም የዚህ ቀለበት የመጀመሪያ መለኪያ ነበረ፤ ማንም ግን እንደ መለኪያ አልመዘገበውም። አንዱ ምድጃ የሚለቀው ካርቦን በዓለም ሚዛን ኢምንት ነው። ቁም ነገሩ የምድር ሙቀትና የአፈር ድህነት በአንድ ገመድ መታሰራቸው ነው።

በዚያው ዘመን አረጋውያን ዝናቡ ቀነሰ ማለት ጀመሩ። ተመራማሪዎቹ ወልደአምላክ በውቀትና ዴክላን ኮንዌይ የአማራ ክልል የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎችን መዝገብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ግን ክልሉን ሁሉ የሚመለከት ወጥ የዝናብ መቀነስ አላገኙም። አረጋውያኑ ተሳስተዋል ማለት ግን አይቻልም፤ ወልደአምላክ ቀደም ሲል በደብረ ማርቆስ አካባቢ በጨሞጋ ወንዝ ተፋሰስ ባደረገው ምርምር ወንዙ በበጋ ወራት የሚያፈሰው ውሃ እየቀነሰ መምጣቱን አሳይቷል። ሰማዩ የሚሰጠውን እየሰጠ መሬቱ የሚያስቀረው አነሰ፤ ክረምት ላይ ጎርፍ ሆኖ የሄደው ውሃ በበጋ ምንጭ ሆኖ አይመለስም። ለብርና ለተምጫ ወንዞች ዳርቻ ገበሬ ዝናብ መቀነስና ምንጭ መድረቅ በኑሮው ላይ አንድ ናቸው። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ልዩነታቸው ሁሉ ነገር ነው፤ የጎጃም ቀለበት በሰማይ በኩል ሳይሆን በአፈር በኩል የዞረ መሆኑን ያሳያልና።

ከ1965 እስከ 1978 ዓ.ም.፦ ድርቅ፣ ቻርኒና ፓዊ

በሳህል አገሮችና በወሎ ድርቁ በጠናበት ዘመን፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምረው ጁል ቻርኒ እ.ኤ.አ. በ1975 ብዙዎችን ያነጋገረ መላምት አቀረበ። ከብት ሣሩን ሲግጥና ሰው ቁጥቋጦውን ሲመነጥር መሬቱ ይነጣል፤ የነጣ መሬት ብርሃኑን መልሶ ስለሚወረውር ይበርዳል፤ የበረደ መሬት በላዩ ያለውን አየር ወደ ታች ይስባል፤ የሚወርድ አየር ደመና አይሠራም፤ ዝናብ ይጠፋል፤ ሣሩም ይበልጥ ይመናመናል። ሐሳቡ ከአረንጓዴው ሰሃራ ታሪክ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ችግሩ የድርቁን ዕዳ በሙሉ በአርብቶ አደሩና በገበሬው ጫንቃ ላይ መጫኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 አሌሳንድራ ጃኒኒና ባልደረቦቿ የሳህል ዝናብ ውጣ ውረድ በዋነኛነት የሚመራው በውቅያኖሶች ሙቀት መሆኑን፣ የመሬቱ መልስ ግን ድርቁን እንደሚያባብሰው አሳዩ። የኢትዮጵያም ክረምት የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኞ የተባለው ክስተት፣ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ይዳከማል። ገበሬው ያላደረሰው ግፊት ነው፤ ለግፊቱ የሚሰጠው መልስ ግን ከማሳው ይጀምራል። ቻርኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1979 የመራው ኮሚቴ የካርቦን እጥፍ መሆን ምድርን ከ1.5 እስከ 4.5 ዲግሪ እንደሚያሞቅ ገመተ፤ የክፍተቱ ስፋት የመጣውም በአብዛኛው ከግብረ መልሶች፣ በተለይም ከደመና፣ አለመታወቅ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሲበረታ ጎጃም ሌላ ዓይነት መልስ አስተናገደች። መንግሥት ከተራቆቱት አካባቢዎች ከ80,000 በላይ ሰዎችን ወደ መተከል፣ ወደ ፓዊና ወደ በለስ ሸለቆ አሰፈረ። ቆላው በቀርከሃና በዛፍ የተሸፈነ፣ የጉሙዝ ሕዝብ በእሳትና በእረፍት እያፈራረቀ የሚያርሰው ምድር ነበር፤ በትራክተርና በመጥረቢያ ተመነጠረ። ድርቅ በአንድ አካባቢ ያስከተለው መከራ በሌላው አካባቢ ደን ሆኖ ተከፈለ፤ ይህም በሳይንቲስቶች ቀመር ውስጥ ያልገባ፣ በመንግሥት ፖሊሲ በኩል የሚያልፍ አባባሽ ግብረ መልስ ነው። ሰፋሪውም፣ ነባሩም በወባና በግጭት ዋጋ ከፍለውበታል።

ከ1976 እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም.፦ የአንጀኒ እርከን

እ.ኤ.አ. በ1981 የኢትዮጵያ የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሲጀምር፣ ከተመረጡት ጣቢያዎች አንዱ ከደንበጫ በስተ ሰሜን ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው አንጀኒ ሆነ። በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጣቢያ 113 ሄክታር በሆነው የምንጨት ወንዝ ተፋሰስ ላይ ዝናብን፣ የወንዝ ፍሰትንና ታጥቦ የሚሄደውን አፈር በየዕለቱ ይለካ ነበር። ከእንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች በተሰበሰበው መረጃ ሁርኒ በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ መሬት በሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመተ። ታጥቦ የሚሄደው አፈር ሱዳን ደርሶ የሮዛሪስን ግድብ ደለል ሞልቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው ግድብ የመጀመሪያ የውሃ መያዣውን ከሲሶ በላይ አጥቶ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ተፋሰሱ «ፋኛ ጁ» በተባለ እርከን ተሸፈነ። ስሙ የኪስዋሂሊ ሆኖ «ወደ ላይ አድርግ» ማለት ነው፤ ገበሬው ቦይ ይቆፍርና አፈሩን ወደ ዳገቱ ወገን ይከምራል፤ ጎርፍ ያመጣው አፈር ከካቡ ኋላ እየተደለደለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳገቱ በራሱ ደረጃ እየሆነ ይሄዳል። እዚህ ላይ ንድፉ ጥበብ አለበት፤ ጉዳት አድራሹን ጎርፍ ራሱን ለማስተካከያ ይጠቀምበታል፤ አባባሹን ይዞ አብራጅ ያደርገዋል።

ሆኖም የፕሮጀክቱ ተመራማሪዎች ካርል ሄርቬግና ኤቫ ሉዲ እ.ኤ.አ. በ1999 በሐቀኝነት እንደጻፉት፣ እርከን የአፈሩን መታጠብ በእጅጉ ቢቀንስም ምርቱን አላሳደገም፤ እንዲያውም ካቡና ቦዩ ከማሳው ስለሚቆርሱ፣ ዝናብ በሚበዛበት አካባቢም ውሃ ስለሚያቁሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት የቀነሰበት ጊዜ ነበረ። ለምን ብዙ ገበሬ የመንግሥት ዘመቻ ሲያበቃ እርከኑን እንደናደው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ጥቅሙ ለልጅ ልጅ፣ ወጪው ለዘንድሮ የሆነ አብራጅ በገበሬ ቤት ሥር አይሰድም።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ፦ ዘመቻ፣ ባሕር ዛፍና ዲከረንስ

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በየዓመቱ ከመኸር በኋላ ባሉት ወራት ገበሬው በነጻ ጉልበቱ እርከን የሚሠራበት፣ የተራቆተ ዳገት ከከብት የሚከለልበት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ተስፋፋ። ከሥራዎቹ ሁሉ አብዝቶ የያዘው፣ በዚህ ጸሐፊ ዕይታ፣ ከሁሉ ያነሰ ጉልበት የሚጠይቀው ክለላው ነው፤ ከብት ያልገባበት ዳገት ሣር ያበቅላል፤ ሣሩ ታጭዶ ለከብቱ ይሰጣል፤ ገበሬውም ጥቅሙን ባመቱ ያየዋል። መሬቱ ምን ሊመልስ እንደሚችል ቀድሞ ያሳዩት ግን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው፤ የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ እንዳጠናው፣ በየገዳሙና በየደብሩ ዙሪያ የቀሩት ጽድና ወይራ ለሰሜኑ ደጋ ዕፅዋት የመጨረሻ መጠጊያ ሆነዋል። እነርሱም ቢሆኑ ከቀለበቱ ነጻ አይደሉም፤ ደን ባነሰ ቁጥር ዳሩ ከመሐሉ ይበዛል፤ በዳሩ ነፋስና ከብት ይገባል፤ የዳሩ ዛፍ ሲደርቅ መሐሉ ዳር ይሆናል። ዓለማየሁ ከካህናቱ ጋር ሆኖ በደኖቹ ዙሪያ ያስጀመረው የድንጋይ ካብ ይህን መግባት ለመግታት ነው።

ባሕር ዛፍ በበኩሉ ማንም ሳያዘው መጣ። ወልደአምላክ በጨሞጋ ባጠናው ተፋሰስ ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዛፍ የተሸፈነው መሬት አልቀነሰም፤ ጨምሯል፤ የጨመረውም ገበሬው በጓሮውና በወሰኑ በተከለው ባሕር ዛፍ ነው። የደንበጫን ጥናት ብቻ ያነበበ ሰው ሊገምተው የማይችል ውጤት ነው። ባሕር ዛፍ ማገዶ ሆኖ ኩበቱን ወደ ማሳ እንዲመለስ መንገድ ይከፍታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከጎኑ ያለውን ሰብል ውሃና ምግብ ይሻማል፤ በምንጭ ዳር ሲተከል ምንጩን ያደርቃል ተብሎ ይከሰሳል። አንድ ዛፍ በአንዱ ቀለበት አብራጅ፣ በሌላው አባባሽ ሊሆን መቻሉ የዛፍ ተከላ ዘመቻ የሚነድፉ ባለሥልጣኖችን ሁሉ ሊያሳስብ የሚገባ ነው።

ከቡሬ በስተ ሰሜን በአገው ምድር፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ የተፈጠረው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ገበሬው በስሙ ዲከረንስ ብሎ የሚጠራውን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዝርያ በማሳው ላይ ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ጤፉ ሲታጨድ ችግኙ ይቀራል፤ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። ዲከረንስ እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ስለሚያዳብር፣ በአሲድ የተጎዳው የደጋ መሬት ጉልበት ያገኛል። በኩበት ቀለበት ውስጥ ምድጃ አፈርን ይበላ ነበር፤ እዚህ ምድጃውን የሚመግበው ተክል አፈሩንም ይመግባል። ከሰሉ ተቃጥሎ ካርቦኑ ወደ አየር ቢመለስም፣ በማሳው ላይ ሁልጊዜ የሚያድግ ዛፍ ስላለ የወጣው በከፊል ይገባል። ማንም ባለሙያ በዚህ መጠን ይሆናል ብሎ ያላቀደው ይህ ሥርዓት በገበያ፣ ማለትም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የከሰል ፍላጎት፣ ተስፋፋ።

በዚህ መካከል ዋናው ግፊት አልቆመም። በኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል፤ የዓለም የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ የካርቦን እጥፍ መሆን የሚያስከትለውን ሙቀት በ3 ዲግሪ ገመተ፤ ደመናም በድምሩ አባባሽ መሆኑን ከቀድሞው በበለጠ እርግጠኝነት ገለጸ። በጮቄ ተራራ፣ ጅብራና አስታ በሚበቅልበት፣ ውርጭ በሚባለው ከፍታ፣ የገብስና የድንች ማሳ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ አንድም መሬት ስለጠበበ፣ አንድም ቅዝቃዜው ስለለዘበ። የተራራው ጥቁር አፈር በቅዝቃዜና በእርጥበት ሳይበሰብስ ለዘመናት ያከማቸውን ካርቦን የሚለቀው፣ የያዘውንም ውሃ የሚያፈሰው፣ ማረሻ ሲነካው ነው፤ ከዚያ ተራራ የሚነሡትን ወንዞች ከታች የሚጠጣው ደግሞ ብዙ ነው።

ዲከረንስም ቢሆን አልቀረለትም። በአንድ ዝርያ የተሸፈነ አገር ለአንድ በሽታ ይጋለጣልና፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ በአገው ምድር ዲከረንስ ላይ ወርዶ ቅጠሉን እያረገፈ ዛፉን ያደርቅ ጀመር። ገበሬው ፊት ለፊት ያሉት ምርጫዎች ዛፉን ቆርጦ ማሳውን ለጤፍና ለድንች መልሶ ማረስ፣ ወደ ባሕር ዛፍ መዞር፣ ወይም ዝገቱን የሚቋቋም ዝርያ እስኪገኝ መጠበቅ ናቸው፤ ክረምቱ ግን አይጠብቅም፤ የተቆረጠው ዛፍ ሥር በአፈሩ ውስጥ ያስቀረው ናይትሮጅንም የሚያገለግለው ለጥቂት አዝመራ ነው።